ምዕራፍ 7፦ ቁጥሩ ለማን ነው?

ባለፈው ምዕራፍ የመድን ድርጅት ለሚመጣ ካሳ ስለሚያስቀምጠው መጠባበቂያ ተነጋግረን ነበር። አረቦኑ፣ ማለትም ደንበኛው ለዋስትናው የሚከፍለው ገንዘብ፣ ዛሬ ይሰበሰባል፤ ካሳው ግን በሚቀጥለው ወር፣ በሚቀጥለው ዓመት፣ ነገሩ ፍርድ ቤት ከደረሰም ከሦስትና ከአራት ዓመት በኋላ ይከፈላል። በመካከሉ ድርጅቱ በእጁ ካለው ገንዘብ ስንቱ የራሱ፣ ስንቱ የተጎጂዎች እንደሆነ ማወቅ አለበት። ይህን የሚያሰላው ባለሙያ አክቹዋሪ ይባላል፤ የሚያካሂደው ጥናትም አክቹዋሪያዊ ምርመራ። እስካሁን ያየነው የምርመራውን ውጤት ነው። አሁን ወደ አካሄዱ እንገባለን፤ የምንገባውም በፈተና ጥያቄ በኩል ነው።

በፈተና በኩል መግባታችን ምክንያት አለው። ጥሩ የፈተና ጥያቄ አንድ ሙሉ ሥራ በአንድ ገጽ ውስጥ አጥፎ ይይዛል፦ አንድ ድርጅት፣ ጥቂት አኃዞች፣ አንድ ትእዛዝ። ጥያቄውን በደንብ መመለስ የቻለ ሰው ሥራውንም ከየት እንደሚጀምር ያውቃል። የዚህ ምዕራፍ ክርክርም አንድ ነው። አክቹዋሪያዊ ምርመራ የሚጀምረው ከአኃዝም ከቀመርም አይደለም፤ ቁጥሩን የሚፈልገው ማን እንደሆነና በቁጥሩ ምን ሊወስን እንዳሰበ ከመጠየቅ ነው። ይህ ሲታወቅ የትኛው መረጃ እንደሚያስፈልግ፣ መረጃው እንዴት እንደሚከፋፈል፣ የትኛው ስሌት እንደሚስማማ፣ ምን ያህል ጥንቃቄ እንደሚጨመር ተከትሎ ይመጣል። ሳይታወቅ የተሠራ ስሌት ግን አንድም የመደመር ስህተት ሳይኖርበት ሰውን ሊያሳስት ይችላል። ሐሳቡ ሲሰሙት ቀላል ነው። እስከ መጨረሻው ሲከተሉት ግን ከአንድ ሠንጠረዥ ሁለት የተለያዩ፣ ሁለቱም ትክክል የሆኑ መልሶች እንዲወጡ ያስገድዳል።

ጥያቄው ምን ይጠይቃል?

ጠቅላላ መድን የሚባለው ከሕይወት መድን ውጭ ያለው ሁሉ ነው፦ መኪና፣ እሳት፣ ጭነት፣ ሰብል፣ የኃላፊነት ዋስትና። በሕይወት መድን ሞት አንድ ጊዜ ብቻ ይመጣል፤ የሚከፈለውም ገንዘብ አብዛኛውን ጊዜ ውሉ ላይ ተጽፏል። በጠቅላላ መድን አደጋው ይምጣ አይምጣ፣ ስንት ጊዜ ይምጣ፣ ሲመጣ ምን ያህል ያስወጣ፣ መቼ ይከፈል አስቀድሞ አይታወቅም። አራቱም ጥያቄዎች ክፍት ናቸው። ስለዚህ በምዕራፍ 3 ያየነው የሕይወት ሠንጠረዥ እዚህ ብዙ አይረዳንም።

በዓለም ላይ ብዙ ተማሪዎች የሚቀመጡለት ፈተና የብሪታንያ አክቹዋሪዎች ማኅበር የሚያዘጋጀው ነው። ማኅበሩ በ1848 ለንደን፣ በ1856 ኤድንብራ የተመሠረቱት ሁለት አካላት በ2010 እ.ኤ.አ. ተዋሕደው የፈጠሩት ነው፤ ፈተናውን በሚያዝያና በመስከረም ይሰጣል፤ ከፈተናው በኋላ የፈታኞችን ሪፖርት ያወጣል። ሪፖርቶቹ ደጋግመው የሚያነሡት አንድ ቅሬታ አለ፦ ተፈታኞች የተጠየቁትን ትተው የሚያውቁትን ይጽፋሉ። ስለ መረጃ ጥራት የሸመደዱትን፣ ስለ ዋጋ ንረት የሸመደዱትን፣ ስለ ሕግ ለውጥ የሸመደዱትን ይደረድራሉ፤ የሚጽፉት ሁሉ እውነት ነው፤ በጥያቄው ውስጥ ካለው ድርጅት ጋር ግን አይገናኝም። ፈታኙም ነጥብ አይሰጥም፤ እኔ እንደማምነው ትክክል ነው።

ትእዛዙን በጥንቃቄ ማንበብ የመጀመሪያው እርምጃ ነው። «ዘርዝር» የተባለ ሰው አጭር ነጥቦች ይበቁታል። «አብራራ» የተባለ ምክንያቱን ማሳየት አለበት። «መርምር» ወይም «ተወያይ» የተባለ ደግሞ ሁለቱንም ወገን መዝኖ የራሱን ፍርድ መስጠት ይጠበቅበታል። ከጥያቄው ጎን የተጻፈው ነጥብም ይናገራል፤ 3 ነጥብ ላለው ጥያቄ ሁለት ገጽ የጻፈ ተፈታኝ 12 ነጥብ ከያዘው ጥያቄ ጊዜ እየሰረቀ ነው። ከዚህ አልፎ ግን ትልቁ ነገር በመግቢያው ዓረፍተ ነገር ውስጥ ይቀመጣል፦ «የአንድ መድን ድርጅት የፋይናንስ ኃላፊ እንዲህ ጠየቀህ» ወይም «የዋጋ ክፍሉ እንዲህ ፈለገ»። ብዙዎች እንደ መሸጋገሪያ የሚያልፉት ይህ ዓረፍተ ነገር የጥያቄው ቁልፍ ነው።

ለልምምድ የሚሆን አንድ ጥያቄ እናስቀምጥ። ድርጅቱም አኃዞቹም ለዚህ ምዕራፍ የተፈጠሩ ናቸው፤ ሕጉና የውጭ ምንዛሬው ታሪክ ግን እውነተኛ ነው። አንድ መድን ድርጅት በፍኖተ ሰላምና በቡሬ ቅርንጫፎቹ ለጭነት መኪናዎች ዋስትና ይሸጣል። መኪናዎቹ አብዛኞቹ አይሱዙ ናቸው፤ ከገበዝ ማርያምና ከአካባቢዋ ገጠር በቆሎና በርበሬ እየጫኑ ይወጣሉ፤ ገሚሶቹ በደብረ ማርቆስና በደጀን አድርገው የዓባይን በረሃ ወርደው ወደ አዲስ አበባ ይሄዳሉ፤ ገሚሶቹ ከቡሬ ወደ ነቀምት ያቀናሉ። በ2014 ለደረሱ አደጋዎች ድርጅቱ በመጀመሪያው ዓመት መጨረሻ 10 ሚሊዮን ብር ከፍሎ ነበር፤ በሁለተኛው ዓመት መጨረሻ ድምሩ 15፣ በሦስተኛው 18 ሚሊዮን ደረሰና ፋይሉ ሁሉ ተዘጋ። በ2015 ለደረሱት በመጀመሪያው ዓመት 12፣ በሁለተኛው ድምሩ 18 ሚሊዮን ሆነ። በ2016 ለደረሱት እስካሁን የተከፈለው 16 ሚሊዮን ነው። ሒሳቡ የተዘጋው በሰኔ 2016 ነው። የድርጅቱ የፋይናንስ ኃላፊ ጥያቄ፦ ገና የሚከፈለው ስንት ነው?

እሸቱን አይቶ ምርቱን መገመት

በምዕራብ ጎጃም አንድ የበቆሎ ገበሬ ሦስት ማሳ ቢኖረውና ሦስቱን በተለያየ ጊዜ ቢዘራ፣ በነሐሴ መጨረሻ አንዱ እሸት ደርሷል፣ አንዱ ሊያብብ ነው፣ አንዱ ገና ከጉልበት አላለፈም። ማሳዎቹን ዛሬ ባሉበት ቁመት ማወዳደር ትርጉም የለውም፤ ትንሹ ማሳ ትንሽ የሆነው መጥፎ ስለሆነ ሳይሆን ዘግይቶ ስለተዘራ ነው። ገበሬው የሚያደርገው የቀደመው ማሳ በዚሁ ዕድሜው ምን ይመስል እንደነበርና ከዚያ ወዲህ በስንት እጥፍ እንዳደገ ማስታወስ ነው። ያንን ዕድገት በዘገየው ማሳ ላይ ሲያሳርፍ ኅዳር ላይ የሚያፍሰውን ይገምታል።

የአደጋ ዓመቶችም እንዲሁ ናቸው። የ2016 ማሳ ገና አንድ ዓመቱ ነው። ከመጀመሪያው ዓመት ወደ ሁለተኛው ስንሸጋገር የ2014 እና የ2015 ድምር ከ22 ወደ 33 ሚሊዮን አድጓል፤ ይህ አንድ ተኩል እጥፍ ነው። ከሁለተኛው ወደ ሦስተኛው 15 የነበረው 18 ሆኗል፤ 1.2 እጥፍ። እንግዲህ የ2015 ድምር 18 በ1.2 ተባዝቶ 21.6 ሚሊዮን ይደርሳል፤ የሚቀረው 3.6 ነው። የ2016 ደግሞ 16 በ1.5፣ ከዚያም በ1.2 ተባዝቶ 28.8 ሚሊዮን ይሆናል፤ የሚቀረው 12.8 ነው። በድምሩ 16.4 ሚሊዮን ብር ገና ይከፈላል። በዚህ ውስጥ ባለሙያዎች ደርሶ ያልተነገረ ካሳ የሚሉትም አለ፦ አደጋው ደርሷል፣ ተጎጂው ወይም ባለመኪናው ግን እስካሁን ለድርጅቱ አላመለከተም።

ይህ ስሌት በሙያው በጣም የታወቀው ነው፤ ዕድሜውን ሙሉ ሒሳብ ያልወደደ ሰውም በአንድ ከሰዓት ይማረዋል። ተፈታኞች የሚሳሳቱት በማባዛቱ ላይ አይደለም። ስሌቱ አንድ ነገር በዝምታ ያስባል፦ ያለፈው ዕድገት ወደፊትም ይደገማል። ገበሬው ዝናቡ፣ ዘሩና ማዳበሪያው እንደ ቀደመው ማሳ ከሆነ ግምቱ ይሠራለታል፤ ከተለወጠ አይሠራለትም። በጥያቄው ውስጥ ያለው ፈተና የተለወጠውን ነገር ፈልጎ ማግኘት ነው።

አንድ ሠንጠረዥ፣ ሁለት መልስ

ሒሳቡ በሰኔ ተዘጋ። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ብሔራዊ ባንክ የውጭ ምንዛሬን ዋጋ ለገበያ ለቀቀ። ከዚያ ቀን በፊት አንድ የአሜሪካ ዶላር በባንክ 57 ብር ገደማ ነበር፤ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ። የአይሱዙ መለዋወጫ ከውጭ የሚገባ ዕቃ ነው። በሠንጠረዣችን ውስጥ ያለው እያንዳንዱ ብር በአሮጌው ዋጋ የተከፈለ ነው፤ የሚቀረው ግን የሚከፈለው በአዲሱ ነው። ስለዚህ ብዙ ተፈታኝ «የዋጋ ንረት ስላለ መጠባበቂያው በጣም ከፍ ይበል» ብሎ ይጽፋል። ምን ያህል ከፍ እንደሚል የሚወስነው ግን ጠያቂው ማን እንደሆነ ነው።

የመኪና ዋስትና ሁለት የማይመሳሰሉ ነገሮችን ይዟል። አንደኛው ባለመኪናው ለራሱ መኪና የሚገዛው ዋስትና ነው፤ መኪናው ሲጋጭ ወይም ሲገለበጥ ጋራዥ ይገባል፣ ፕሮፎርማ ይሰበሰባል፣ ጥገናው ይከፈላል። ይህ በወራት ውስጥ የሚያልቅ ጉዳይ ነው፤ ወጪውም የመለዋወጫን ዋጋ እግር በእግር ይከተላል። ሁለተኛው የሦስተኛ ወገን መድን ነው፤ መኪናው ሌላ ሰው ወይም የሌላ ሰው ንብረት ላይ ለሚያደርሰው ጉዳት ሕግ ያስገድደዋል። አዋጅ ቁጥር 799/2005 ሲወጣ የሞት ካሳን ከ5,000 ብር ያላነሰ ከ40,000 ብር ያልበለጠ፣ የንብረት ጉዳትን እስከ 100,000 ብር አድርጎ ነበር። ይህ ክፍል የሐኪም ማስረጃ፣ የፖሊስ ሪፖርት፣ የወራሽነት ማረጋገጫ፣ አንዳንዴም የፍርድ ቤት ውሳኔ ስለሚጠብቅ ይዘገያል። ግን ጣሪያ አለው። ጣሪያው በሕግ ከፍ ቢደረግ እንኳ ከዚያ በፊት ለደረሰ አደጋ የሚሠራው በአደጋው ቀን የነበረው ጣሪያ ነው፤ ተፈታኝም ሆነ ባለሙያ የእያንዳንዱን አደጋ ቀን ከሕጉ ጋር ማገናኘት አለበት።

እንግዲህ ፈጥኖ የሚያልቀው ክፍል ከዋጋ ጋር ይንራል፤ የሚዘገየው ክፍል በጣሪያ ተይዟል። ሰኔ ላይ ያልተከፈለው 16.4 ሚሊዮን በአብዛኛው ከየትኛው ይመጣል? ከዘገየው። ለልምምዱ 4 ሚሊዮኑ የራስ መኪና ጥገና፣ 12.4 ሚሊዮኑ የሦስተኛ ወገን ነው እንበል፤ የጥገና ዋጋም በ40 በመቶ ጨመረ እንበል። ጥገናው ከ4 ወደ 5.6 ሚሊዮን ይሄዳል፤ ጠቅላላ መጠባበቂያው ከ16.4 ወደ 18 ሚሊዮን ይደርሳል። ጭማሪው 10 በመቶ ገደማ ነው። ቀሪው ክፍል ጭራሽ አይነካም ማለት አይደለም፤ ከ100,000 ብር በታች የነበረ የንብረት ጉዳት ወደ ጣሪያው ይጠጋል። ከጣሪያው የሚያልፈው ግን፣ ባለመኪናው ተጨማሪ ዋስትና ካልገዛ፣ በባለመኪናው ላይ ያርፋል እንጂ በድርጅቱ ላይ አይደለም።

አሁን ጠያቂውን እንለውጥ። የፋይናንስ ኃላፊው ሄዶ የዋጋ ክፍሉ መጣ፤ የሚፈልገውም ለ2017 የሚሸጠውን ዋስትና አረቦን ማስላት ነው። ሠንጠረዡ ያው ነው። ነገር ግን በ2017 የሚሸጠው ውል ገና ያልደረሱ አደጋዎችን ነው የሚሸፍነው፤ ሁሉም ጥገና፣ የመጀመሪያው ወር ጥገና ጭምር፣ በአዲሱ ዋጋ ይከፈላል። ከአንድ ዓመት ሙሉ የካሳ ወጪ ውስጥ የራስ መኪና ጥገና 60 በመቶውን ይይዛል ብንል፣ የ40 በመቶው ጭማሪ አጠቃላይ ወጪውን በ24 በመቶ ያንረዋል። በአንድ የምንዛሬ ለውጥ መጠባበቂያው በ10 በመቶ፣ የሚቀጥለው አረቦን ወጪ በ24 በመቶ ያድጋል። ሁለቱም ትክክል ናቸው። «የዋጋ ንረት ይነካል» ብሎ ያቆመ ተፈታኝ ይህን ልዩነት አላየም፤ የ10 በመቶውን ቁጥር ለዋጋ ክፍሉ የሰጠ አክቹዋሪ ደግሞ ድርጅቱን በኪሳራ እንዲሸጥ አድርጎታል።

ሦስተኛ ጠያቂም ሊመጣ ይችላል። የድርጅቱን አቅም የሚቆጣጠረው ብሔራዊ ባንክ አማካዩን ብቻ ሳይሆን መጥፎ ዓመት ቢመጣ ምን እንደሚሆን ማወቅ ይፈልጋል። በ2016 እ.ኤ.አ. ሥራ የጀመረው የኢትዮጵያ ጠለፋ መድንን የመሰለ ድርጅት፣ ማለትም የመድን ድርጅቶች መድን፣ ከአንድ ገደብ በላይ ስላለፉት ትልልቅ ካሳዎች ይጠይቃል። መኪናውን ትተን በ2013 ዓ.ም. ቡሬ ላይ እንደተመረቀው የፊቤላ የምግብ ዘይት ፋብሪካ ያለ ግዙፍ ተቋምን የእሳት ዋስትና ብናስብ ደግሞ ሠንጠረዡ ምንም አይነግረንም። አንድ ፋብሪካ የራሱ የካሳ ታሪክ የለውም። እዚያ የሚጠየቀው በአንድ ሌሊት የሚጠፋው ትልቁ መጠን ስንት ነው የሚል ነው፤ መልሱም ከመሐንዲስ እንጂ ከማባዣ አይመጣም።

ክፍያው ፈጠነ ወይስ አደጋው በዛ?

ጥያቄው አንድ ተጨማሪ መስመር ቢኖረውስ፦ «ድርጅቱ በ2016 ለቡሬ ቅርንጫፍ ተጨማሪ የካሳ ሠራተኞች ቀጥሯል።» ይህ መስመር ለጌጥ አልተጻፈም። ሠራተኛ ሲጨመር ካሳ ይፈጥናል። በ2016 የመጀመሪያ ዓመት የተከፈለው 16 ሚሊዮን፣ ከ12 የበለጠው፣ አደጋ ስለበዛ ነው ወይስ በፊት ሁለተኛው ዓመት ላይ ይከፈል የነበረው ወደ ፊት ስለመጣ? ሁለተኛው ከሆነ 16ን በ1.8፣ ማለትም በ1.5ና በ1.2 ብዜት፣ ማባዛት ቀድሞ የደረሰን ማሳ ዘግይቶ እንደተዘራ መቁጠር ነው፤ ግምቱ ከልክ በላይ ይወጣል።

ለእንዲህ ያለ ጥርጣሬ ሮናልድ ቦርንሁተርና ሮናልድ ፈርጉሰን የተባሉ ሁለት አሜሪካውያን አክቹዋሪዎች በ1972 እ.ኤ.አ. ያወጡት መንገድ እስከ ዛሬ ይሠራበታል። ሐሳባቸው፦ እስካሁን የተከፈለውን እንደ መተንበያ አትጠቀም፤ የተከፈለው ተከፍሏል። የሚቀረውን ግን ከመጀመሪያው ከጠበቅከው ላይ አስላ። ድርጅቱ በ2016 የሰበሰበው አረቦን 30 ሚሊዮን፣ ዋጋው ሲወጣም 75 በመቶው ለካሳ ይውላል ተብሎ ከሆነ፣ ጠቅላላው የሚጠበቀው ካሳ 22.5 ሚሊዮን ነው። በሠንጠረዡ መሠረት ከመጀመሪያው ዓመት በኋላ የሚቀረው ከዘጠኝ አራት እጅ ነው (ከ28.8 ሚሊዮኑ 12.8)፤ የ22.5 አራት ዘጠነኛ እጅ 10 ሚሊዮን ይሆናል። ስለዚህ ለ2016 የሚቀመጠው 12.8 ሳይሆን 10 ሚሊዮን ነው። 2.8 ሚሊዮን ብር የሚያህለው ልዩነት የተፈጠረው ከአንድ የቅጥር ዜና ነው።

የትኛው ይሻላል? ጠያቂው ካልታወቀ ጥያቄው መልስ የለውም። ለፋይናንስ ኃላፊው ሚዛናዊ ግምት ከሆነ የሚፈለገው፣ ለሠራተኛው ቅጥር ክብደት ሰጥቼ ወደ 10 ሚሊዮኑ እጠጋለሁ፤ የተከፈሉት ፋይሎች ቁጥር ከተነገሩት ፋይሎች ቁጥር ጋር ተነጻጽሮ መፍጠኑ ሲረጋገጥ ነው እንጂ በወሬ አይደለም። ለተቆጣጣሪው ከሆነ ደግሞ መፍጠኑ እስኪረጋገጥ 12.8ን መያዝ ይገባል። የ75 በመቶው ግምት በራሱ የዋጋ ክፍሉ ምኞት ሊሆን እንደሚችልም መጻፍ አለበት፤ ዋጋ ያወጣው ክፍል ለራሱ ዋጋ ምስክር ሲሆን ጥንቃቄ ያሻል።

ሠንጠረዥ የሌለው ምርመራ

ከመኪናው ወርደን ወደ በቆሎው ራሱ እንሂድ። ፈታኙ «ለአነስተኛ ገበሬዎች የዝናብ መለኪያ መድን ሊጀመር ነው፤ ምርመራውን አቅድ» ቢል፣ የካሳ ሠንጠረዥ የሚስል ተፈታኝ ከመጀመሪያው ስቷል። እንዲህ ያለ መድን የሚከፍለው ገበሬው ምን ያህል እንደጠፋበት ታይቶ አይደለም፤ ዝናቡ ወይም በሳተላይት የሚታየው የማሳ ልምላሜ ከተወሰነ መጠን ሲወርድ ለአካባቢው ሁሉ ይከፍላል። ካሳው ወዲያው ስለሚታወቅ የሚዘገይ ነገር የለም። የካሳ ታሪክም የለም። ያለው የብዙ ዓመት የዝናብ መዝገብ ነው።

ኢትዮጵያ በዚህ መስክ ቀድማ የሞከረች አገር ናት። በ2006 እ.ኤ.አ. የዓለም ምግብ ፕሮግራም አክሳ ሪ ከተባለው የፈረንሳይ ድርጅት ጋር ለኢትዮጵያ የድርቅ ውል ፈጽሞ ነበር፤ 26 የሜትሮሎጂ ጣቢያዎችን መሠረት ያደረገ፣ 930,000 ዶላር አረቦን የተከፈለበት፣ እስከ 7.1 ሚሊዮን ዶላር ሊከፍል የሚችል። ዝናቡ ጥሩ ሆነና ክፍያ አልተፈጸመም። በ2009 እ.ኤ.አ. ደግሞ ትግራይ ውስጥ አዲ ሓ ላይ ለ200 ያህል ገበሬ ቤተሰቦች የተጀመረው ውል ኒያላ ኢንሹራንስን፣ ማኅበረ ረድኤት ትግራይን፣ ኦክስፋም አሜሪካንና ስዊስ ሪን አገናኝቷል፤ ከጊዜ በኋላም አማራ ክልል ደርሷል።

ይህን ውል ወደ ምዕራብ ጎጃም ማምጣት ለሚያስብ ሰው የመጀመሪያው ጥያቄ እንደገና ያው ነው፦ ለማን፣ ለምን? ዓላማው ለማዳበሪያ ብድር የሰጠውን ማኅበር ከድርቅ መጠበቅ ከሆነ የዝናብ መለኪያ ሊበቃ ይችላል። ዓላማው የገበሬውን ጎተራ መጠበቅ ከሆነ ግን ጃቢ ጠህናንና ቡሬ ብዙውን ጊዜ ዝናብ የማያጣቸው፣ ትርፍ አምራች ወረዳዎች መሆናቸው መታወስ አለበት። እዚያ በቆሎን የሚያጠፋው በረዶ፣ ውርጭ፣ ወይም በ2009 ዓ.ም. ወደ ኢትዮጵያ የገባው መጤ ተምች ሊሆን ይችላል። የዝናብ መለኪያው ተምች አያይም። ገበሬው ማሳው ወድሞ ሳለ «ዝናቡ በቂ ነበር» ተብሎ ባዶ እጁን ይመለሳል። በመለኪያውና በእውነተኛው ጉዳት መካከል ያለው ይህ ክፍተት የዚህ መድን ዋና በሽታ ነው፤ ተፈታኝ መልሱን ከዚህ ቢጀምር ስለ ስሌት አንድ መስመር ሳይጽፍ ግማሽ መንገድ ሄዷል።

የሚነሡ መቃወሚያዎች

የመጀመሪያው መቃወሚያ ከተማሪዎች ይመጣል። ፈተና ላይ ጊዜ የለም፤ ዓላማ፣ መረጃ፣ ማከፋፈል፣ ስሌት፣ ታሳቢ፣ ማጣራት፣ ሪፖርት የሚል ዝርዝር ሸምድዶ በእያንዳንዱ ሥር አንድ ነገር መጻፍ ከመውደቅ ያድናል ይላሉ። እውነት አለበት። ዝርዝሩ ምንም እንዳይረሳ ይጠብቃል፤ ልምድ ያላቸው ባለሙያዎችም ይጠቀሙበታል። ነገር ግን ዝርዝሩ እኩል ክብደት ይሰጣል፤ ጥያቄው ግን አይሰጥም። በመኪናው ጥያቄ ክብደቱ ያለው ማከፋፈል ላይ ነው፣ ምክንያቱም ጣሪያ ያለውንና የሌለውን ሳንለይ የምንለው ሁሉ ይወድቃል። በበቆሎው ጥያቄ ክብደቱ ዓላማው ላይ ነው። በፋብሪካው ጥያቄ ስሌት የሚባለው ርዕስ ባዶ ቢቀር ይሻላል። ዝርዝሩን በኅዳጉ ላይ በእርሳስ ጽፎ፣ ከጥያቄው ጋር የሚገናኘውን ብቻ በቀለም መጻፍ ነው መፍትሔው።

ሁለተኛው መቃወሚያ የበለጠ ከባድ ነው። ይህ ሁሉ የተፈለሰፈው መረጃ በተትረፈረፈበት አገር ነው፤ እኛ ምን አለን? በ1967 ዓ.ም. 13 የመድን ኩባንያዎች ተወረሱ፤ እስከ አዋጅ ቁጥር 86/1986 ድረስ ገበያው በአንድ የመንግሥት ድርጅት እጅ ነበር። ከዚያ በኋላ የተቋቋሙት የግል ድርጅቶች መዝገብ አጭር ነው፤ የገጠር ቅርንጫፍ መዝገብ ደግሞ ከዚያም ያነሰ። በሁለት ቅርንጫፍ የሦስት ዓመት አኃዝ ላይ ተመሥርቶ ማባዛት ምን ዋጋ አለው?

መልሱ ሁለት ነው። አንደኛ፣ የመረጃ ማነስ ለሙያው አዲስ ነገር አይደለም፤ ሙያው ራሱ የተወለደው ከእሱ ነው። በምዕራፍ 3 ያነሣናቸው የስኮትላንድ ቀሳውስት በ1740ዎቹ እ.ኤ.አ. ለመበለቶቻቸው ፈንድ ሲያቋቁሙ አኃዙን የሰበሰቡት ከየአጥቢያው በደብዳቤ እየጠየቁ ነው። ሁለተኛ፣ ትንሽ መረጃ ሲኖር ምን ያህል እንደምናምነው የሚለካ መንገድ አለ። በ1918 እ.ኤ.አ. አልበርት ዊትኒ ያቀረበው ሐሳብ፣ የራስን ጥቂት ልምድ ከሰፊው ገበያ ልምድ ጋር በክብደት ማደባለቅ ነው፤ የራስ ፋይል በበዛ ቁጥር የራስ ክብደት ይጨምራል። የፍኖተ ሰላም ቅርንጫፍ 40 አይሱዙ ብቻ ካለው የ40ውን ታሪክ ብቻውን አንሰማም፤ ከድርጅቱ የአገር አቀፍ ጭነት መኪኖች ጋር አደባልቀን እንሰማዋለን። የዓባይ በረሃ ቁልቁለት ከአገር አቀፉ አማካይ የሚለይበት ምክንያት እንዳለው ካወቅን ደግሞ ያንን በግልጽ ጽፈን እናስተካክላለን። የመረጃ ማነስ ዓላማን ቀድሞ የመጠየቅን አስፈላጊነት ይበልጥ ያጎላዋል፤ ሁሉን ነገር መሰብሰብ የማይችል ሰው የሚያስፈልገውን አንዱን መምረጥ አለበትና።

ከሪፖርቱ በኋላ

የምርመራው የመጨረሻ ክፍል ብዙ ተፈታኝ በሁለት መስመር የሚዘጋው ነው። ሪፖርቱ ለማን እንደተጻፈ፣ መረጃው ከየትና እስከ መቼ እንደሆነ፣ የትኛው ግምት ቢስት ውጤቱ ምን ያህል እንደሚናጋ፣ በሪፖርቱ ምን መወሰን እንደማይቻል ጭምር ይጻፍበታል። በእኛ ምሳሌ ቢያንስ ሦስት ዓረፍተ ነገሮች ያስፈልጋሉ፦ አኃዙ እስከ ሰኔ 2016 ያለውን ብቻ ይይዛል፤ የጥገና ዋጋ ጭማሪው 40 ሳይሆን 80 በመቶ ቢሆን መጠባበቂያው ከ16.4 ወደ 19.6 ሚሊዮን ይሄዳል፤ ይህ ቁጥር ለአረቦን ማውጫ እንዲውል አልተዘጋጀም።

ከዚያ መጠበቅ አለ። ዓመቱ ሲያልፍ በ2016 ለደረሱ አደጋዎች ተጨማሪ ስንት ተከፈለ? የመጀመሪያው መንገድ 8 ሚሊዮን ይጠብቃል፤ ድምሩ ከ16 ወደ 24 ያድጋልና። የቦርንሁተርና የፈርጉሰን መንገድ 6.25 ሚሊዮን ይጠብቃል። ሁለቱም የተሰሉት በአሮጌው የጥገና ዋጋ ስለሆነ የተከፈለው መጀመሪያ ወደዚያ ዋጋ ይመለሳል፤ የጥገናው ክፍያ በ1.4 ይካፈላል። ከዚያ በኋላ ውጤቱ 6 ሚሊዮን አካባቢ ከሆነ በቡሬ ቅርንጫፍ የተቀጠሩት ሠራተኞች ክፍያውን በእርግጥ አፍጥነውት ነበር፤ 8 ከሆነ አደጋው ነው የበዛው፤ አረቦኑም ከመጀመሪያው አንሶ ነበር። 10 ከሆነ ሁለቱም መንገዶች ስተዋል፤ ምናልባት የጥገና ዋጋ ከ40 በመቶ አልፎ ሄዷል። ያኔ የጋራዥ ፕሮፎርማዎቹን ከሐምሌ 22 በፊትና በኋላ ለይቶ አንድ በአንድ ማየት ነው የሚቀጥለው ሥራ።